የጣውንቴ በለስ

ከጎርጎራ በጀልባ ተሳፍሬ ባሕር ዳር የገባሁት ሙሽራ ሆኜ ነው፤ በደርግ ጊዜ። ባሌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ የሽመና ማሽን ሲበላሽ የሚጠግን። ከእኔ በፊት ሌላ ሴት አግብቶ እንደ ፈታ አውቅ ነበር። አባቴም ያውቁ ነበር፤ ተደብቆ የመጣ ነገር አልነበረም። "ልጅ አልወለዱም፤ ንብረታቸውን በሽማግሌ ተካፍለው በሰላም ተለያይተዋል" አሉ አማላጆቹ። አባቴ የድጓ መምህር ናቸው፤ ነገር ማብዛት አይወዱም። "ካለቀ እንግዲህ አለቀ ነው" ብለው መርቀው ሰደዱኝ።

ያላለቀው በለሱ ነበር።

ቤታችን ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ የቀበሌ ኪራይ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና ጠበብ ያለ ጓሮ። ከጓሮው ጥግ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር፣ ቅጠሉ እንደ ሰው መዳፍ የተዘረጋ ዛፍ ቆሞ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ በለስን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ እኛ ሰፈር የነበረው ሾላና ዋርካ ነው።

"ይኼ ዛፍ የማን ነው?" አልሁት ባሌን። "የእኛ" እንዲለኝ ነበር የጠየቅሁት።

"እሷ ናት የተከለችው" አለ።

ስሟን አልጠራም። በዚያ ቤት ውስጥ "እሷ" ማለት አንዲት ሴት ብቻ እንደ ሆነች ያን ቀን ገባኝ።

የቀረውን ቀስ እያለ ነገረኝ። ሲፋቱ ሽማግሌዎቹ ዕቃውን አካፈሏቸው፤ አልጋው ለእሷ፣ ሬዲዮው ለእሱ፣ ቁም ሣጥኑ ለእሷ፣ ጠረጴዛና ወንበሩ ለእሱ። በለሱ ላይ ሲደርሱ ተቸገሩ። ተነቅሎ አይሰጥ፣ ለሁለት አይሰነጠቅ። በመጨረሻ፣ "ግንዱ ከቤቱ ጋር ይቅር፤ ፍሬው ሲደርስ ግን በየዓመቱ እየመጣች ትልቀም" ብለው ጨረሱት። እሱም ተስማማ፣ እሷም ተስማማች። እኔማ የት ነበርሁና!

በለሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ያፈራ ነበር። ዝናቡ ሳይጠና፣ በግንቦት የሚደርሰው ፍሬ ትንሽ ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም፤ ግን ማር ነው። ክረምቱ ከገባ በኋላ የሚመጣው የልጅ ጡጫ ያክላል፤ ሲገምጡት ውሃው በክንድ ላይ ይወርዳል፤ ጣዕሙ ግን ቀጭን ነው፤ ዝናብ ከበዛበት ዛፉ ላይ እንዳለ ይሰነጠቅና ጉንዳን ይወርሰዋል። ይኼን ሁሉ የነገረኝ ባሌ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ከማን እንደ ተማረው ደግሞ ያስታውቅ ነበር። ስለ ማሽን ሲያወራ እንደዚያ አያወራም።

እሷ የመጣችው በግንቦት፣ በአንድ እሑድ ነው። ከቀበሌ ስብሰባ ተመልሰን ምሳ ልናቀርብ ስንል በሩ ተንኳኳ። ከፈትሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት መሆኗን ሰምቼ ነበር፤ ጸጉሯን ተተኩሳ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ፣ ዘንቢል በክንዷ አንጠልጥላ ቆማለች። እኔ በሹሩባዬና በቤት ቀሚሴ ነኝ፤ እጄ ሽንኩርት ይሸታል።

"ደኅና ዋልሽ እህቴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ዋሉ? ይግቡ" አልኋት። ብትበልጠኝ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። "እርስዎ" ያልኋት ለአክብሮት ብቻ አልነበረም፤ ባሌ እየሰማ ባልቴት ላደርጋት ፈልጌ ነው።

"ኧረ እርስዎ አትበይኝ! አርጅቻለሁ እንዴ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ደግሞ ያምራል።

የጓሮውን መንገድ ማን ያሳያት? ራሷ አልፋኝ ገባች። ዘንቢሏን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለች፤ ቶሎ አልለቀመችም። መጀመሪያ እየዞረች ዛፉን አየችው፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ሰበረች፤ ቅጠል ገልበጥ አድርጋ ሥሩን ተመለከተች። ከዚያ ፍሬውን በሁለት ጣቷ እየነካች ትመርጥ ጀመር።

"አንገቱን ያልደፋውን አትንኩ እሺ" አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ እንጃ። "አንገቱን ሲደፋ፣ ከታች ባለችው ቀዳዳ፣ በዓይኑ በኩል ጠብታ ሲያወጣ ነው የሚበላው።"

ከላይ ያሉት አልደርስ አሏት። ባሌ ከበሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና ሄዶ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ያዘላት። ምንም ቃል አልተነጋገሩም። እሷ "ያዝልኝ" አላለችም፤ እሱ "ልያዝልሽ" አላለም። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደዚያ አድርገው እንደ ለቀሙ ከሁኔታቸው ታየኝ። እኔ ኩሽና በር ላይ ማማሰያ ይዤ ቆሜያለሁ።

ስትሄድ ከለቀመችው ግማሹን በሣሕን ትታልን ሄደች። ዘመኑ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን፣ ያውም ተሰልፈን የምናገኝበት ነው፤ ጣፋጭ ነገር ብርቅ ነበር። ባሌ አንዱን አነሣና ለሁለት ከፍሎ ዓይኑን ጨፍኖ በላ።

"ቅመሺ እንጂ" አለኝ።

"ጥርሴን ያመኛል።"

"መቼ ጀመረሽ?"

"አሁን።"

ጎረቤታችን አሮጊቷ ሴትዮ ነገር አያመልጣቸውም። ማግስቱን ጠዋት በአጥሩ በኩል ብቅ አሉና፣ "ጣውንትሽ መጥታ ሄደች?" አሉኝ።

"ጣውንቴ አይደለችም እማማ፤ ፈቷታል።"

"ይሁን ልጄ። ፈቷት ነው የምትለቅመው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ ጣውንቴ ሆነች።

በዓመቱ ልቀድማት ቆረጥሁ። ፍሬው መፋፋት ሲጀምር፣ ባሌ ፋብሪካ ባለበት ሰዓት፣ ዛፉ ላይ ያለውን ትልልቅ ፍሬ አንድ ሳላስቀር ለቀምሁት። ወተቱ እጄን ፈጀኝ፤ በዚያው እጄ አፌን ነክቼ ከንፈሬም አበጠ። ሙዝ እንደሚደረገው ገለባ በሞላ ካርቶን ውስጥ ቀበርሁትና እስኪበስል ጠበቅሁ። ሐሳቤ እሷ መጥታ ባዶ ዛፍ ስታይ፣ እኔ የበሰለውን በሣሕን አቅርቤ "ይብሉ እንጂ" ልላት ነበር።

መጣች። ዛፉን አየች። እኔን አየች፤ ከንፈሬንም አየች።

"የት አደረግሽው?"

ካርቶኑን አወጣሁ። ፍሬው እንደ ቆዳ ተጨማዷል፤ ውስጡ ነጭ ነው። አንዱን ቀደደችና አሸተተችው።

"ወይ እህቴ! በለስ ከወረደ ወረደ ነው፤ አይበስልም። እንደ ሙዝ መሰለሽ?"

የሳቀችው በክፋት አልነበረም፤ ብታሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር። ባሌ ከኋላዬ ሆኖ ሳቀ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀምረው በአንድ ጊዜ አቆሙ። ልቤን የቆረጠኝ ይኼ ነው። እኔና እሱ ስንስቅ እንደዚያ አንገጥምም፤ እሱ ሲጀምር እኔ ነገሩ ገና ይገባኛል።

ያን ጊዜ የራሴ በለስ ያስፈልገኛል አልሁ። ወደ ጎርጎራ ለሚሄድ ሰው ነግሬ አባቴ ዘንድ ላክሁ። አባቴ ምክንያቴን አልጠየቁም፤ ከአንድ ገዳም የአትክልት ቦታ ቅርንጫፍ አስቆርጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በጀልባ ሰደዱልኝ። ከእሷ ዛፍ ትይዩ፣ በኩሽናው በኩል ተከልሁት። ከሐይቁ ዳር ጥቁር አፈር አስመጣሁለት፤ የፍየል በጠጥ፣ አመድ፣ የልብስ እጣቢ፣ ያለኝን ሁሉ አቀረብሁለት። ያን ዓመት ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ሆዴ ገፍቶ ባልዲ ተሸክሜ ስመላለስ እማማ በአጥሩ በኩል፣ "ለዛፍ ብለሽ ልጁን እንዳታወርጂው!" ይሉኝ ነበር። ጣውንቴም በግንቦት መጥታ ሆዴን አይታ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ" ብላ ትንሽ ለቅማ ቶሎ ሄደች።

ሴት ልጅ ወለድሁ። ልጄ ቆማ መሄድ ስትጀምር ዛፌም አፈራ። እንዴት ያለ ፍሬ! ከእሷ ዛፍ እጥፍ ይሆናል። ቆዳው የጠራ አረንጓዴ ሆኖ ወፍሯል። አሁን ተምሬያለሁና አንገቱን እስኪደፋ ጠበቅሁ። ትልቁን ቆርጬ፣ አጥቤ፣ በሣሕን አድርጌ ለባሌ አቀረብሁለት። ገመጠ። ዋጠ። ጣቱን ጠረገ።

"እሺ?"

"ትልቅ ነው" አለ።

"ትልቅነቱን አይቻለሁ። ጣዕሙስ?"

"ደኅና ነው። ውሃ ውሃ ይላል እንጂ... የእሷ..." ብሎ አቋረጠው።

"ጨርሰው!"

"ምኑን?"

"የእሷ ምን?"

"የእሷ ትንሽ ነው ልልሽ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ይጣፍጣል። ስለ በለስ ነው የማወራው እኮ!"

ስለ በለስ ብቻ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ሣሕኑን አንሥቼ ያለውን ሁሉ ለእማማ ዶሮዎች በተንሁት። እነሱስ በሉት። ለሳምንት ያህል ከባሌ ጋር "ብላ"፣ "በላሁ" ብቻ ነበር የምንነጋገረው።

በሚቀጥለው ግንቦት እሷ አልመጣችም። ፍሬው አንገቱን ደፍቶ ወፍ ይበላው ጀመር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተወችው አልሁ። አንድ ቀን ግን ባሌ ከሥራ ሲመለስ አመሸ። በማግስቱም አመሸ። ዛፉን ባየው ዝቅ ያሉት ቅርንጫፎች ተለቅመዋል፤ እኔ አልለቀምሁ። እማማን ጠየቅኋቸው። እሳቸው መቼም ደብቀው አያውቁም፤ "በፌስታል ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ እንግዲህ ለማን እንደሚወስድ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉኝ።

የት እንደምትኖር አውቅ ነበር፤ ገበያ ስሄድ አሳይተውኛል። ልጄን አዝዬ ወጣሁ። መንገዱን እንዴት እንደ ጨረስሁት አላስታውስም፤ የምናገረውን እያዘጋጀሁ፣ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ ሰው እያየኝ ሄድሁ። ግቢው በር ገርበብ ብሏል፤ ሳላንኳኳ ገባሁ።

እዚያም በለስ አለ!

ከእኛው የሚበልጥ፣ ጣሪያውን ያለፈ፣ ትልልቅ ፍሬ የተንዠረገገበት በለስ። እሷ ጥላው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ፣ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። ወባ ይዟት ከሆስፒታል መውጣቷ ነበር። ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ከአፌ ጠፋና፣

"ጓሮሽ እንዲህ ሞልቶ ለምን የእኔ ቤት ትመጫለሽ?" አልኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" አልኋት።

አልደነገጠችም። "ቁጭ በይ መጀመሪያ" አለችኝ። "ሕፃኗን አውርጂያት፤ ከብዳሻለች።"

አላወርዳትም እንዳልል ልጄ ራሷ እየተወራጨች ነው። አወረድኋት። ልጄ ሄዳ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። እሷ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሹሩባዋን እየነካካች ተናገረች።

"ይኼ ከዚያው ዛፍ ነው፤ ስወጣ ቅርንጫፉን ቆርጬ ይዤ መጣሁ። ግን እዚህ ጥላ ይበዛዋል፤ ውሃውም ቅርብ ነው፤ ጉድጓዱ ከአሥር ክንድ አይጠልቅም። ፍሬው ይተልቃል እንጂ አይጣፍጥም። ያ የእናንተ ግድግዳ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ አፈሩም ደረቅ ነው፤ ለዚያ ነው።"

"ለበለስ ብለሽ ነው እንግዲህ የምትመጪው?"

እጇን ከልጄ ሹሩባ ላይ አነሣች። "አልዋሽሽም። ለበለስ ብቻ አይደለም። ቤቱን ለማየት ነበር የምመጣው። መጋረጃው ተቀየረ፣ ወንበሩ የት ሄደ፣ እያልሁ። ያን ዓመት ደግሞ አርግዘሽ አገኘሁሽ። የለቀምሁትን ሳልቀምስ ለመንገደኛ ሰጥቼ ነው ቤቴ የገባሁት። ስድስት ዓመት ልጅ ስጠኝ ብዬ ተሳልሁ እኔ፣ ታውቂያለሽ?"

አላወቅሁም ነበር። ያ ሁሉ ዓመት እኔ ስቀናባት እሷ ትቀናብኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ምን ነበረኝና? ሳቁም ጫማውም ያላት፣ እጇ ጽሕፈት የለመደ፣ ባሌን በዝምታ የምታዘው እሷ ናት።

"እሱን አትቆጭው" አለችኝ ስነሣ። "ታምሜ አፌ መሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ በሰው የላክሁበት።" ከዚያ ልጄን እየመለሰችልኝ፣ "የአንቺ ዛፍ ላይ ውሃ ታበዢበታለሽ፤ አይቼዋለሁ። ፍሬው ቀለም መያዝ ሲጀምር ተይው። ይጠማ። ያኔ ይጣፍጣል" አለችኝ።

ምክሯን ጠላሁት። እሷ ስለ ነገረችኝ ብቻ ትክክል እንዳይሆን ተመኘሁ። ግን አደረግሁት፤ በጠጡንም ተውሁት፤ ባልዲውን ሰቀልሁት። በዓመቱ የወጣው ፍሬ መጠኑ በግማሽ አንሶ፣ ቆዳው ወደ ጥቁርነት አደላ። አንዱን ብቻዬን ኩሽና ቆሜ በላሁት። ውስጡ ቀይ፣ ወፍራም፤ ዘሩ ጥርስ ላይ ይንቋቋል፤ ጣፋጭነቱ እስከ ጉሮሮ ይደርሳል። የእሷን ባልቀምስም ይበልጣል አልሁ! እማማን አስቀመስኋቸው፤ እሳቸውም ይበልጣል አሉ። ባሌ ግን ቀምሶ "ጥሩ ነው" አለና እጁ ተመልሶ የእሷ በለስ ወዳለበት ሣሕን ሄደ። ምላሱ አንዱን ለምዷል።

ከዚያ እማማ ወሬውን አመጡት። "ጣውንትሽ ልታገባ ነው። የማክሰኝት አስተማሪ ነው አሉ፤ ሚስቱ የሞተችበት። ልትዛወር ነው እዚያ።"

እኔ እልል ማለት ቀረኝ። ሽሮውን ቅቤ ጨምሬ ሠራሁና ባሌ እራት ሲቀርብ ነገርሁት። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

"ማን ነገረሽ?"

"አገሩ ሁሉ ያወራል።"

"አስተማሪ?" አለ። "በምን ደሞዝ?"

ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ከፋብሪካ ይመጣል፣ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ዜናውን እየሰማ ያለ ይመስላል፤ ምን እንደ ተባለ ብጠይቀው አያውቅም። ግንቦት መጣ፤ የእሷ በለስ እንደ ወትሮው አንገቱን ደፋ፤ እሱ ወደ ጓሮ አይወጣም። ወፍ ይበላዋል፣ መሬት ይወድቃል፣ ይሸታል። እኔ የሁለቱንም ዛፍ ለቅሜ በሁለት ሣሕን አቀረብሁለት። የእሷን ሣሕን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገውና፣

"ያንቺው ይሻለኛል" አለ።

ይኼን ቃል ስንት ዓመት ጠበቅሁት! አስቤው ነበር፤ ሲለኝ እንዴት እንደምስቅ፣ ምን እንደምመልስለት። አሁን ግን ፊቱን አየሁ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ውስጥ የማየው የራሴ ፊት ነው።

"ቀንተሃል" አልሁት።

"እኔ? በማን?"

"በአስተማሪው።"

"አብደሻል እንዴ? እኔ ራሴ የፈታኋት ሴት!"

"እኔስ አንተ በፈታሃት ሴት አይደል ስቀና የኖርሁት?"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው። ቆይቶ፣ "ይቆረቁራል" አለ፤ "ለምን እንደሚቆረቁር አላውቅም እንጂ ይቆረቁራል። ከአንቺ ጋር የተገናኘ ነገር አይደለም።"

"ከእኔ ጋር ካልተገናኘ ከማን ጋር ይገናኛል? ሚስትህ እኮ ነኝ።"

ዓይኑን ወደ ሣሕኑ መለሰ። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁትም። ልጄን ጠራኋትና የተገፋውን ሣሕን ከፊታችን አድርገን ከእሷ ጋር በላነው። ለስንት ዓመት ጥርሴን ያመኛል ብዬ ያልቀመስሁት፣ ማር ነበር። ባሌ እያየን ነበር። ቀስ ብሎ አንድ አነሣ።

እሷ ማክሰኝት ሄደች፤ ለለቀማ ተመልሳ አልመጣችም። ባሌም ክረምቱ ሲወጣ ወሬው ተመለሰለት፤ ማሽኑን፣ አለቃውን፣ ስብሰባውን ማውራት ጀመረ። ስለ በለስ ግን ሁለታችንም ብዙ አናወራም ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በራችንን አንኳኳ። ከማክሰኝት መምጣቱ ነው። "ሴትዮዋ ከእርስዎ በለስ ቅርንጫፍ ይስጡልኝ ብለዋል፤ ከራሳቸው ሳይሆን ከእርስዎ" አለኝ። ምን ልል? ቢላዋ አንሥቼ ወጣሁ። ቀጭን ቅርንጫፍ ያዝሁ፤ ተውሁት፤ ደኅና ወፈር ያለውን ቆረጥሁ። ባሌ ከውስጥ "ለማን ነው?" አለ። "ለማክሰኝት" አልሁት። ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ሹፌሩ በየጊዜው ያልፋል፤ ባገኘሁት ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ጸደቀ አለኝ። ሌላ ጊዜ፣ አፈራ አለኝ። በመጨረሻ፣ "እንዴት ያለ ፍሬ መሰለዎት! ከዚህኛው ይተልቃል" አለኝ።

"ጣዕሙስ?" አልሁት ቶሎ ብዬ።

"እሱን እንኳ አልቀመስሁትም።"

"እንግዲያው ስትሄድ ቅመስና ንገረኝ" አልሁት። እሺ ብሎ ሄደ። እኔም ባልዲዬን አስቀምጬ፣ ውሃ አብዝታበት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።